የእርቁ ሥጋ

የሰው ድስት ከፍቶ የሚያይ ሰው አልወድም። ባለቤቴን ጠይቁት። እህቱ አንድ ቀን ወጥ ቤት ተከትላኝ ገብታ "ሲሲ፣ ጨው ቶሎ አደረግሽበት መሰለኝ" ብትለኝ፣ ማማሰያውን እንደያዝኩ ነው የዞርኩባት። አልመታኋትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ቤቴ ስትመጣ ሳሎን ቁጭ ብላ የቀረበላትን ትበላለች፣ እግዜር ይስጥልኝ ትላለች፣ ትሄዳለች። ክፉ ናት የሚለኝ ካለ ይበል። በወጥ ምክር ሰው ምን እንደሚደረግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የምንኖረው እዚሁ ደባርቅ፣ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ሐብታሙ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እናቴ ገዱ ነን፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዕፀገነት አለች። ያን ጊዜ አንቱ እላት ነበር። አሁን አልላትም።

እወዳት ነበር፣ ምን ዋጋ አለው! ጠጉሬን ቅቤ ትቀባኛለች፣ ከቀሚሷ ኪስ ከረሜላ ታወጣልኛለች፣ "የወንድሜ ዓይን" እያለች ግንባሬን ትስመኛለች። እናቴ ግን ከለቅሶው ወዲህ ፊቷ አይፈታም፣ ስጠራት አትሰማኝም፣ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ግድግዳውን ስታይ ትውላለች። ለልጅ ከእነዚህ ከሁለቱ ማንኛዋ ትሻላለች? በሬ ካራጁ ይውላል የሚሉት ለእኔ ነው።

ቀኑ እሑድ፣ የሁዳዴ ቅበላ ነበር። በማግሥቱ ጾም ይገባል፤ እስከ ፋሲካ ሥጋ የለም። "ዛሬ እናትሽና እኔ ልንታረቅ ነው፤ ሽማግሌዎች መጥተው ወጥ ይበላሉ" አለችኝ እትዬ። ደስ አለኝ። እኔ እንደገባኝ ወጡ ከጣፈጠ ይሳሳማሉ፣ አጥሩ ይፈርሳል፣ እትዬ ቀን በቀን ጠጉሬን ትቀባኛለች። ስለዚህ ያን ቀን ከእግዚአብሔር የለመንኩት አንድ ነገር ነው፦ ወጡ እንዲጣፍጥ።

ልጅ ነገር የሚሰማው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ዛሬ ልንገራችሁ። ሽማግሌዎቹ ቀደም ብለው ተቀምጠው የፈረዱት እንዲህ ነበር፦ ቤቱ ለእትዬ ልጅ ለያርጋል ይለቀቃል፤ ገዱ ዕቃዋን ጭና ወደ ወላጆቿ አገር ወደ ዛሪማ ትወርዳለች፤ ልጅቷ ከአባቷ ወገን ጋር ትቀራለች። ልጅቷ እኔ ነኝ። የአባቴ ወራሽ እኔ ስለሆንኩ እኔን የያዘ ቤቱን ይይዛል። ቅቤውም ከረሜላውም ለዚህ ነበር። እናቴ "እሺ" ብላለች። ባሏ የሞተባት፣ ወገን አጠገቧ የሌላት ሴት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቄስ መስቀል ይዞ "እምቢ ብትይ ገዝተንሻል" ሲላት ምን ትበል?

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። በእኛ ሰፈር እርቅ በቃል ይጀመርና በማዕድ ይታሰራል። ለእርቁ ከታረደው ሥጋ፣ ከአንድ ድስት ወጥቶ፣ መጀመሪያ ቄሱ ባርከው ይውጣሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ተጣዪዎች ይጎራረሳሉ። እስከዚያ ድረስ ግዝቱ ማንንም አይይዝም። ወጡን የሚሠራው ደግሞ የሚለቅ ወገን ነው፤ ወዶ እንደለቀቀ እንዲታይ ይሆናል። እስኪታረቁ ድረስ ተጣዪ የተጣዪን ድስት በእጁ አይነካም፤ መርዝ ገባበት እንዳይባል። ስለዚህ እትዬ ድስቱን መንካት አትችልም። አፏን ግን ማን ይዞት!

ከቅዳሴ እንደወጣች መጥታ የወጥ ቤቱ ደፍ ላይ በርጩማዋን አኖረች። እግሯ ደጅ ነው፣ አንገቷ ወጥ ቤት ውስጥ። በሬውን ያመጣችው እሷ ናት። "የሐብታሙ ቤት እርቅ በበግ አይሆንም!" ብላ ስትፎክር ሰነበተችና፣ ጊች ተራራ ላይ የገብስ ማሳ ሲያርስ ያረጀ፣ ጎድኑ የሚቆጠር በሬ አስነድታ መጣች። ፉከራዋና ኪሷ ተገናኝተው አያውቁም።

"ገዱ! ቁሌቱ ገና ጥሬ ነው እኮ። ሽንኩርቱ ቅልጥ ሳይል በርበሬ አይገባም።"

"እሺ፣ እትዬ" አለች እናቴ፣ በርበሬውንም ነሰነሰችበት።

"ሥጋው እስኪለዝብ ጨው እንዳታስነኪው። ይደነድናል።"

"እሺ፣ እትዬ።" አንድ እፍኝ ጨው ገባ።

"ክዳኑን ግጠሚው እንጂ! ዛሪማ ያለሽ መሰለሽ? ይሄ ደባርቅ ነው፣ ደጋ! እዚህ ድስት ካልታፈነ ሥጋ ሲንተከተክ ይውላል እንጂ አይበስልም። ለነገሩ እናንተ ቆላዎቹ ሥጋ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ አይደል የምትበሉት? ድስት በምን ታውቁና!"

"እሺ፣ እትዬ።" እናቴ ከደነችው። እትዬ ልትናፈጥ ዞር ስትል ከፈተችው።

እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እትዬ የምትለው ሁሉ ትክክል መሆኑ በልጅ አእምሮዬም ይገባኛል። ደግሞም ትክክል ነበር! ይሄ ነው የሚያናድደው። ያቺ ሴት ወጥ ታውቃለች፤ እኔ ዛሬ ሥጋ የማበስለው እሷ ያን ቀን እንዳለችው ነው። እናቴ ግን "እሺ" ትልና ግልባጩን ታደርጋለች። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል፤ የእናቴን እሺ ያየ ሰው ይህን ተረት ደግሞ አይተርትም።

"እህህ! ጭስ ብቻ! ማገዶው እርጥብ ነው፣ አንቺ ሴት!"

"ደረቅ አልቀረም፣ እትዬ።"

ጓዳ ውስጥ ደረቅ ወይራ ተከምሯል፤ ትናንት እኔው ራሴ ተሸክሜ ያገባሁት ነው። "እማዬ፣ ጓዳ ያለውስ..." ብዬ ልጀምር ስል እናቴ በዓይኗ አየችኝ። እርጥቡ ባሕር ዛፍ እየተንሿሿ አረፋ ይደፍቃል፤ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥላል፤ ድስቱ አንዴ ይንተከተክና እንደገና ዝም ይላል። በዝምታው መሐል እናቴ አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ትጨምርበታለች።

"ቀዝቃዛ ውሃ በሥጋ ላይ! ኧረ በኪዳነምሕረት! እናትሽ ምን አስተማረችሽ?"

እናቴ ማገዶ ልታመጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ እትዬ በጣቷ ጠራችኝ። "ሲሲዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ እኔ ድስቱን መንካት አይፈቀድልኝም። አንቺ ግን ልጅ ነሽ፣ ማንም ምንም አይልሽም። ከእኔ ምድጃ ላይ የፈላ ውሃ አለ፤ በማንቆርቆሪያው አምጪና ጨምሪበት። ክዳኑን ግጠሚ። የኔንም ደረቅ እንጨት ይዘሽ ነይ።"

በረርኩ። ውሃውን ሳልደፋ አመጣሁ፣ ጨመርኩበት፣ ከደንኩት፣ ደረቁን እንጨት ከሥር ማገድኩ። ነበልባሉ ግርር አለ። ድስቱ ክዳኑን እያስጨፈረ መፍላት ጀመረ። እትዬ "ጎበዝ! የወንድሜ ዓይን!" እያለች ታጨበጭባለች። እኔ እርቁን ብቻዬን ያወረድኩ ያህል ልቤ አብጧል።

እናቴ ገባች። ድስቱን አየች፣ እሳቱን አየች፣ እኔን አየች። በጥፊ አጮለችኝ። እናቴ ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም፣ ከዚያ በኋላም አልመታችኝም። እንጨቱን ከነነበልባሉ ጎትታ መሬት ላይ በእግሯ አጠፋችውና ከእንስራው የቀዳችውን ቀዝቃዛ ውሃ ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው። ድስቱ ጭጭ አለ።

እትዬ ብድግ ብላ ወደ ሳሎን ጮኸች። "መምሬ! ሰሙልኝ? ልጅቷን ገደለቻት! ውሃ አመጣሽ ብላ! እንዲህ ናት ልጅ የምታሳድገው!" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ለእናቴ ብቻ ቀጠለች። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ወንድሜንም በዚህ ወጥሽ ነው የገደልሽው።"

የእናቴ እጅ ማማሰያው ላይ ቆመ። ይሄኔ ድስቱን አንስታ ፊቷ ላይ የምትደፋው መስሎኝ ነበር። ብታደርገው ኖሮ ዛሬም ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ማማሰሏን ቀጠለች።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እትዬ" አለች። ያን ቀን ለስድቧ የመለሰችላት ይህን ብቻ ነው።

ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ጠላ እየጠጡ ይጠብቃሉ። ዋናው መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው፤ የአባቴ የንስሐ አባት። ጥርሳቸው አልቋል። ሌላም የሚታወቁበት ነገር አላቸው፦ የቅበላ ዕለት አገሩ ሁሉ እስከ እኩለ ሌሊት ሥጋ ሲያግበሰብስ እሳቸው ፀሐይ ስትጠልቅ አፋቸውን ይዘጋሉ። ቀን የሚለወጠው በምሽት ነው ይላሉ፤ ፀሐይ ከገባች እሑድ አልቋል፣ ሰኞ ገብቷል፣ ጾም ነው። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እናቴ ታውቀዋለች። እትዬም ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ነው በርጩማዋ ላይ የምትቁነጠነጠው።

ከመምሬ ቀጥሎ የተቀመጡት አያ ሻረው ረሃብ አይችሉም። "ምነው ልጄ፣ በሬው ድስቱ ውስጥ ቆሟል እንዴ?" አሉ ከሳሎን። ሌሎቹ ሳቁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ምናለ ጥብስ ቢሆንልን?" አሉ።

"ጥብሱን መምሬ በምን ያኝኩት?" አለች እትዬ እየተቆጣች። አመሻሹ ላይ ግን እሷም ተሸነፈች፤ ዓይኗ ከሰማዩ አልነቀል አለ። ፀሐይዋ ወደ ዳባት በኩል ዘቅዝቃ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ቀይ ብርሃን አሳርፋለች። "ገዱ! አውጪው! ጥሬም ቢሆን አውጪው!"

"እሺ፣ እትዬ" አለች እናቴ። ቀስ ብላ እጇን ታጠበች። ቀስ ብላ መሶቡን አቀረበች፣ እንጀራውን ዘረጋች፣ ወጡን በጭልፋ አወጣች። መምሬ መስቀላቸውን አንስተው ሊባርኩ ሲሉ ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

"መምሬ፣ ይፍቱኝ። ማዕዱ ከመቀመሱ በፊት ለሐብታሙ ነፍስ ይጸልዩልኝ። በዚህ ቤት የመጨረሻዬ ነው።"

ለሙት አልጸልይም የሚል ቄስ የት አለ? እትዬስ ለገዛ ወንድሟ ነፍስ ጸሎቱ ይቅር ትበል? መምሬ ከልባቸው ጸለዩ። ግእዙ ረዘመ፤ አቤቱ ማረን ተባለ፣ እንደገና ተባለ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ወጡ እንዲጣፍጥ እለምናለሁ። ቀዩ ብርሃን ከመሶቡ ተነስቶ ግድግዳውን ይወጣል።

በመጨረሻ መምሬ አንዲት ቁራሽ ሥጋ በእንጀራ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አኘኩ። ወደ ቀኝ ጉንጫቸው ላኳት፣ ወደ ግራ መለሷት። ሁሉም የሚያየው የመምሬን መንጋጋ ነው። አያ ሻረው እጃቸውን ወደ መሶቡ እንደዘረጉ ቀሩ። እትዬ "ይዋጧት እንጂ፣ መምሬ፣ ይዋጧት!" ትላለች፤ የራሷ መንጋጋ አብሮ ይንቀሳቀሳል። መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ። ብርሃኑ ወደ ጣሪያው ማገር ደረሰ። ከማገሩም ወጣ።

መምሬ ቁራሿን ከአፋቸው አውጥተው መሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። አማተቡ።

"ፀሐይ ገባች" አሉ። "ጾም ነው።"

"መረቁን ይጎንጩ፣ መምሬ! በእግዚአብሔር ይሁንብዎ!"

"በጾም ቅባት ብላ ትይኛለሽ፣ ዕፀገነት?"

"እንግዲያ በሽሮ እንዝጋው" አሉ አያ ሻረው። እኝህ ሰውዬ በምንም ቢዘጋ ግድ የላቸውም።

"ደም ፈስሶ የተጀመረ እርቅ በሽሮ አይዘጋም። ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን። እስከዚያ ሁሉም ባለበት ይሁን።" መምሬ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። እናቴ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ ስትል መስቀሉን ግንባሯ ላይ ትንሽ አቆዩት። ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄያቸው አላውቅም፣ አሁን ደግሞ የሉም።

እትዬ የግቢያችን በር ላይ ቆማ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች። "ኧረ ኡኡ! ሥጋ እንኳ የማታበስል ሴት ልጅ ታሳድጋለች? ወጥ የማትሠራ ቆለኛ! ሰው ሰብስባ አዋረደችኝ!" ጎረቤት በየአጥሩ ብቅ አለ። እኔ በሐፍረት ቀሚሴን ፊቴ ላይ ገልብጬ አለቀስኩ። እናቴ ወጥ አለማወቋ፣ እርቁ መቅረቱ፣ እትዬ እያለቀሰች መሄዷ! ከእናቴ በላይ የጠላሁት ሰው ያን ሰዓት አልነበረም።

በዚያ ሁዳዴ ውስጥ እናቴ ወንድሟን ታደለን ከዛሪማ አስጠርታ ፍርድ ቤት ሄደች። ማዕዱ ስላልተበላ ግዝት የሚያስፈራት ነገር የለም። ፋሲካ ሲደርስ የልጇ ሞግዚት እሷ መሆኗ ተወስኖ አልቋል፤ ሽማግሌ ቢመለስም የሚያስታርቀው ነገር አልነበረም። ስሟ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልተጠገነም። ለሠርግ፣ ለተዝካር ሴቶች ሲሰበሰቡ "ገዱ፣ አንቺ ውሃ ቅጂ" ይሏታል። ድስት አጠገብ አያስደርሷትም። እየሳቁባት እስኪያረጁ ውሃቸውን ቀዳች። ዛሬ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ መንገድ ላይ ሰላም ስትለኝ አንገቷን ማነቅ ያምረኛል።

ላገባ ስል ነው እኔን ሥጋ ያስተማረችኝ። ቁሌቱ ቅልጥ እስኪል ትጠብቃለች፣ ጨው በመጨረሻ፣ ውሃው የፈላ፣ ክዳኑ የተገጠመ፣ ማገዶው ደረቅ ወይራ። ሥጋው በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ጭልፋውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

"እማዬ! ያን የቅበላ ዕለት..."

"አሁን ነው የገባሽ?" አለችኝ። "ጅል!" እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

ያን ምሽት ግን ምንም አልገባኝም። ሽማግሌዎቹ እንደወጡ እናቴ በሩን ቀረቀረች፣ ከጓዳ ወይራውን አወጣች፣ ውሃ ለብቻው አፍልታ ጨመረችበት፣ ድስቱን ከድና አጠገቡ ቁጭ አለች። እኔ ፊቴን አዙሬ አኮረፍኩ። የወጡ ሽታ ግን ኩርፊያ አያውቅም፤ ቤቱን ሞላው። እኛ እንደ መምሬ አይደለንም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ይፈቀድልናል። ሥጋውን በእንጀራ ጠቅልላ አፌ ውስጥ ስትከተው ምላሴ ላይ ቀለጠ። ሌላም ከተተች። ሌላም።

"አየሽ?" አልኳት አፌን እንደሞላሁ። "እትዬ እንዳሉሽ ስታደርጊ በሰለልሽ። እርሳቸው ሁሉን ነገር ያውቃሉ፣ አንቺ ግን አትሰሚም። ደግሞ ትመቺኛለሽ። እኔ እሳቸው ቤት ነው መኖር የምፈልገው።"

እናቴ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለች። እሳቱ ፊቷ ላይ ነበር፤ እያለቀሰች ይሁን ጭሱ ይሁን አልለየሁትም። ወይራ ደግሞ አይጨስም።

"ፋሲካ ይድረስና እናያለን" አለችኝ። "እስከ ፋሲካ ግን የኔ ነሽ። አፍሽን ክፈቺ።"